ለጨረር የተጋለጡ ወታደሮች የካንሰር ካሳ ሕግ

ለጨረር የተጋለጡ ወታደሮች የካንሰር ካሳ ሕግ ማለት በውትድርና አገልግሎት ላይ ሳሉ ከኑክሌር ፍንዳታ ወይም ከሌላ ምንጭ ጨረር ያገኛቸው ሰዎች ከዓመታት በኋላ ካንሰር ሲይዛቸው ከመንግሥት ሕክምና፣ ወርሃዊ አበል ወይም የአንድ ጊዜ ክፍያ የሚያገኙበትን ሁኔታ የሚወስን የሕግ ዘርፍ ነው። ከእነዚህ ሕጎች በስፋት የሚታወቀው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣችው ነው። ብሪታኒያ፣ ፈረንሳይ፣ አውስትራሊያና የቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት አገሮችም ጉዳዩን በየራሳቸው መንገድ ደንግገዋል።

የሁሉም ሕጎች መነሻ ጥያቄ አንድ ነው፦ በሽታው ከአገልግሎቱ መምጣቱን በእርግጠኝነት ማወቅ በማይቻልበት ጊዜ ጥርጣሬው የሚጎዳው ማንን ይሁን? ታማሚውን ወይስ መንግሥትን?

ኢትዮጵያ የኑክሌር መሣሪያ ሠርታም ሞክራም አታውቅም። ይሁን እንጂ ጥያቄው ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወታደሮች በጣልያን አውሮፕላኖች የሰናፍጭ ጋዝ ተርከፍክፎባቸዋል፤ ይህ ጋዝ ደግሞ እንደ ጨረር ሁሉ ዘግይቶ ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ነው። ዛሬም በኤክስሬይ ክፍልና በጦር ሠራዊት ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች መብት የሚወሰነው ይህንኑ ጥያቄ በሚመልሱ አዋጆች ነው። በዚህ ገጽ «እ.ኤ.አ.» ያልተባለባቸው ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጨረርና ካንሰር

አዮን ፈጣሪ የሚባለው ጨረር በሰውነት ውስጥ ሲያልፍ የሕዋስን ዘረመል ይሰብራል። ሰውነት አብዛኛውን ስብራት ይጠግናል። በትክክል ያልተጠገነ ሕዋስ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ያለ ልክ መራባት ሊጀምር ይችላል፤ ይህም ካንሰር ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ከሚታወቀው አብዛኛው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1945 በሂሮሺማና በናጋሳኪ ከተጣሉት ቦምቦች የተረፉ ሰዎችን ለአሥርታት በመከታተል ነው። በእነዚህ ሰዎች ላይ የደም ካንሰር ከጥቂት ዓመታት በኋላ መብዛት ጀመረ። እንደ ሳንባ፣ ጡትና ጨጓራ ያሉ የሌሎች አካላት ካንሰሮች ግን ከ10 ዓመት በኋላና ከዚያም ዘግይተው እስከ ዕድሜ ማብቂያ ድረስ ታይተዋል።

ለሕግ ችግር የሚፈጥሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የጊዜው ርዝመት ነው። በ20 ዓመቱ ጨረር ያገኘው ወታደር በ55 ዓመቱ ሊታመም ይችላል። ሁለተኛው በጨረር የመጣ ካንሰር ከሌላው ካንሰር የሚለይበት ምልክት የሌለው መሆኑ ነው። ሐኪሙ ዕጢውን በማይክሮስኮፕ አይቶ ዓይነቱን ይናገራል፤ ከየት እንደመጣ ግን ሊናገር አይችልም። ሳይንስ ሊል የሚችለው «ይህን ያህል ጨረር ካገኙ 1,000 ሰዎች መካከል ከተለመደው በላይ ይህን ያህል ሰው ይታመማል» ብቻ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ሰው በጨረሩ እንደታመመ መለየት አይቻልም።

የማስረዳት ሸክምና የሕግ ግምት

በተለመደው የካሳ ሕግ ካሳ የሚጠይቅ ሰው ሦስት ነገሮችን ማስረዳት አለበት፦ ጉዳት እንደደረሰበት፣ አደጋው በአገልግሎት ላይ እንደነበረ፣ ጉዳቱን ያመጣውም ያ አደጋ እንደሆነ። በጥይት የቆሰለ ወታደር ሦስቱንም በቀላሉ ያሳያል። ቁስሉ፣ ቀኑና የጦር ሜዳው ይታወቃሉ።

በጨረር ለተጎዳው ግን ሦስተኛው ነጥብ ግድግዳ ይሆንበታል። ምን ያህል ጨረር እንዳገኘ የሚያውቀው፣ የተለካም ከሆነ መዝገቡን የያዘው፣ ያዘመተው መንግሥት ነው። እንዲህ ባለው ጊዜ ሕግ አውጪዎች የሚጠቀሙበት መሣሪያ «የሕግ ግምት» ይባላል። ሕጉ «ይህ ሰው በዚህ ቦታ በዚህ ጊዜ ከነበረና ከእነዚህ በሽታዎች አንዱ ከያዘው በሽታው ከአገልግሎቱ እንደመጣ ይቆጠራል» ብሎ ይደነግጋል። ታማሚው በቦታው መኖሩንና መታመሙን ብቻ ያስረዳል፤ ምክንያቱን ሕጉ ራሱ ይሞላለታል። የሕግ ግምት ሳይንሳዊ እውነትን አይወስንም፤ እውነቱ በማይታወቅበት ቦታ ኪሳራውን ማን እንደሚሸከም ይወስናል።

የአሜሪካ ሕግ

መነሻው

አሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 1945 እስከ 1962 ድረስ በዋናነት በኔቫዳ በረሃና በፓስፊክ ደሴቶች በአየር ላይ የኑክሌር ሙከራዎችን አድርጋለች። በእነዚህ ሙከራዎች ከ200,000 በላይ ወታደሮችና ሲቪል ሠራተኞች ተሳትፈዋል። አንዳንዶቹ ከፍንዳታው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀው በምሽግ ውስጥ እንዲያጎነብሱ፣ ከዚያም ወደ ፍንዳታው ቦታ እንዲጓዙ ታዘዋል። ያዩትን እንዳይናገሩም የምስጢር ግዴታ ነበረባቸው፤ ይህ ግዴታ በሕግ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት አንድ ታማሚ የቀድሞ ወታደር የት እንደነበረ ለገዛ ሐኪሙ እንኳ በግልጽ መንገር ይከብደው ነበር።

ጉዳዩ በይፋ የተነሣው «ስሞኪ» ከተባለው የእ.ኤ.አ. 1957 ሙከራ ጋር በተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመ ጥናት በዚህ ሙከራ ከተካፈሉ 3,224 ሰዎች መካከል 9 ሰዎች በደም ካንሰር መያዛቸውን አሳየ፤ በተለመደው ሁኔታ ይጠበቅ የነበረው 3.5 ገደማ ነበር። በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1979፣ የደም ሥርዓት ካንሰር ይዞት የነበረው ኦርቪል ኬሊ የአቶሚክ ወታደሮችን ብሔራዊ ማኅበር አቋቋመ። እርሱ በማግሥቱ ዓመት ቢሞትም ማኅበሩ ትግሉን ቀጠለ።

በጉዳዩ ላይ አንድ አደጋ ተጨምሮበት ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1973 በሴንት ሉዊስ ከተማ የሚገኘው የወታደሮች መዝገብ ቤት ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ የግል ማኅደሮች ጠፍተዋል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰዎች በሙከራው ቦታ መኖራቸውን እንኳ በወረቀት ማሳየት አልቻሉም።

ሁለቱ መንገዶች

የአሜሪካ ምክር ቤት መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1984 ሕግ ቁጥር 98-542ን አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት ወታደሩ ያገኘው የጨረር መጠን በመንግሥት ባለሙያዎች ይገመታል፤ ከዚያም በሽታው ከዚያ መጠን ሊመጣ ይችላል ወይ የሚለው ይመዘናል። አመልካቾች ግምቱ ሁልጊዜ ዝቅተኛ ይሆናል ብለው አጥብቀው ተቃወሙ። በወቅቱ ሁሉም ወታደር የጨረር መለኪያ ባጅ አልያዘም ነበር። ባጁ ወደ ሰውነት በትንፋሽ የገባውን አቧራም አይለካም።

ሁለተኛው መንገድ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ግንቦት 20 ቀን 1988 በወጣው ሕግ ቁጥር 100-321 ነው። ይህ ሕግ የመጠን ስሌትን ወደ ጎን ትቶ የሕግ ግምትን አስገባ። በአየር ላይ በተደረጉ ሙከራዎች የተሳተፉ፣ ከጦርነቱ በኋላ በሂሮሺማና በናጋሳኪ የሰፈሩ፣ እንዲሁም በጃፓን ተማርከው በአካባቢው የነበሩ ወታደሮች ከ13 የካንሰር ዓይነቶች አንዱ ከያዛቸው በሽታው ከአገልግሎት እንደመጣ ይቆጠርላቸዋል። እነርሱም የሚከተሉት ነበሩ፦

• የደም ካንሰር (ሥር የሰደደውን የሊምፍ ዓይነት ሳይጨምር)፣ ሊምፎማ (ከሆጅኪን በስተቀር) እና ማልቲፕል ማየሎማ፤
• የእንቅርት ዕጢ፣ የጡት እና የጉሮሮ ካንሰር፤
• የምግብ ቧንቧ፣ የጨጓራ እና የትንሹ አንጀት ካንሰር፤
• የቆሽት፣ የጉበት፣ የሐሞት ከረጢት እና የሐሞት ቱቦ ካንሰር።

ሕጉ ሲወጣ የጊዜ ገደብ ነበረው። በሽታው ከመጨረሻው ተጋላጭነት በኋላ በ40 ዓመት ውስጥ፣ የደም ካንሰር ከሆነ ደግሞ በ30 ዓመት ውስጥ መታየት ነበረበት። ካንሰር ዘግይቶ የሚመጣ በሽታ በመሆኑ ገደቡ ብዙዎችን ከሕጉ ውጭ አስቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ተነሣ። በዚያው ጊዜ የምራቅ ዕጢና የሽንት ቧንቧ ካንሰር ተጨመሩ። እ.ኤ.አ. በ1999 አንድ ልዩ የሳንባ ካንሰር ዓይነት፣ በ2002 ደግሞ የሳንባ፣ የአጥንት፣ የአንጎል፣ የትልቁ አንጀት እና የእንቁልጢ ካንሰር ተጨምረው ዝርዝሩ 21 ደረሰ።

ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ካንሰር የያዘው ሰው አሁንም በመጀመሪያው፣ በመጠን ስሌቱ መንገድ፣ ማመልከት ይችላል። መንገዱ ግን ረዥም ነው።

ክፍያው

ጥያቄው የተፈቀደለት የቀድሞ ወታደር ነፃ ሕክምናና በአካል ጉዳቱ መቶኛ የሚሰላ ወርሃዊ ክፍያ ያገኛል። በሕክምና ላይ ያለ ካንሰር ብዙውን ጊዜ 100 በመቶ ጉዳት ተብሎ ይያዛል። በበሽታው ከሞተ ባለቤቱና ልጆቹ የተተኪ አበል ይከፈላቸዋል።

ከዚህ የተለየው የእ.ኤ.አ. 1990 የጨረር ተጋላጮች ካሳ ሕግ ነው። ይህ ሕግ ወታደር ያልሆኑትንም ይጨምራል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሙከራው ነፋስ አቅጣጫ ይኖሩ ለነበሩ ነዋሪዎች 50,000 ዶላር፣ በሙከራ ቦታ ለተሳተፉ 75,000 ዶላር፣ ለዩራኒየም ማዕድን ቆፋሪዎች 100,000 ዶላር በአንድ ጊዜ ይከፍል ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2022 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ከሙከራ ውጭ ለጨረር የተጋለጡትን ጨመረ። ከእነዚህም መካከል እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1980 የኤኒዌታክን ደሴት ከሙከራው ቅሪት ያጸዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 በስፔን ፓሎማሬስ እና በ1968 በግሪንላንድ ቱሌ የኑክሌር ቦምብ የጫኑ አውሮፕላኖች ከወደቁ በኋላ ቦታውን ያጸዱ ወታደሮች ይገኛሉ። ፓሎማሬስን ያጸዱት ሰዎች ይህን መብት ያገኙት ከ56 ዓመት በኋላ ነው።

በሌሎች አገሮች

ብሪታኒያ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ በአውስትራሊያና በፓስፊክ ደሴቶች ሙከራ አድርጋለች፤ ከ20,000 በላይ ወታደሮቿ ተሳትፈዋል። ብሪታኒያ የበሽታ ዝርዝር ያለው የሕግ ግምት አላወጣችም። በአገሪቱ የጦር ጡረታ ደንብ መሠረት ከአገልግሎት በወጣ በ7 ዓመት ውስጥ የሚያመለክት ሰው የማስረዳት ሸክም የለበትም፤ በሽታው ከአገልግሎቱ እንዳልመጣ ማሳየት ያለበት መንግሥት ነው። ከ7 ዓመት በኋላ የሚያመለክት ግን በአስተማማኝ ማስረጃ ላይ የቆመ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ማቅረብ አለበት። አብዛኛው ካንሰር የሚታየው ከ7 ዓመት በኋላ ስለሆነ የመጀመሪያው ጥበቃ ለሙከራ ተሳታፊዎች ብዙም አልጠቀመም። ከ1,000 በላይ የሆኑ የቀድሞ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው የመከላከያ ሚኒስቴሩን ከሰሱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2012 በ4 ለ3 ድምፅ ክሱን ውድቅ አደረገ። የክርክሩ ዋና ነጥቦች የይርጋ ጊዜና ምክንያቱን የማስረዳት ችግር ነበሩ።

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በአልጄሪያ ሰሐራ 17፣ ከ1966 እስከ 1996 ደግሞ በፖሊኔዥያ 193 ሙከራዎችን አድርጋለች። እ.ኤ.አ. ጥር 5 ቀን 2010 የወጣውና በወቅቱ የመከላከያ ሚኒስትር ስም «የሞረን ሕግ» የሚባለው ሕግ የሕግ ግምትን ተቀበለ። ሆኖም «የጨረሩ አደጋ ኢምንት ከሆነ» ካሳው ሊከለከል እንደሚችል የሚፈቅድ አንድ ሐረግ ነበረው። በዚህ ሐረግ ምክንያት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እጅግ ጥቂት ጥያቄዎች ብቻ ተቀባይነት አገኙ። ሐረጉ እ.ኤ.አ. በ2017 ተሰረዘ። ታሪኩ የሚያሳየው የሕግ ግምት በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊሰጥም ሊወሰድም እንደሚችል ነው።

አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በብሪታኒያ ሙከራዎች ለተሳተፉ ዜጎቿ የበሽታውን ምንጭ ሳትጠይቅ ሁሉንም ሕክምና የሚሸፍን ካርድ ሰጥታለች። በሶቭየት ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ1986 የፈነዳውን የቼርኖቢል ጣቢያ ለማጽዳት ወደ 600,000 የሚጠጉ ሰዎች ተሰማርተዋል፤ ብዙዎቹ ወታደሮችና ለዚሁ የተጠሩ ተጠባባቂዎች ነበሩ። ለእነርሱ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጡት ሕጎች ልዩ መታወቂያ፣ ሕክምናና አበል ፈቅደዋል።

የሰናፍጭ ጋዝና ኢትዮጵያ

ከጨረር ጋር በጣም የሚመሳሰለው የጦር መሣሪያ የሰናፍጭ ጋዝ (ኢፔሪት) ነው። ጋዙ ቆዳን፣ ዓይንንና መተንፈሻን ከማቃጠሉ በላይ እንደ ጨረር የሕዋስን ዘረመል ይጎዳል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ጥናት ተቋም በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ መድቦታል። ከጨረር ሕጎቹ ጎን አሜሪካ ለዚህም የሕግ ግምት አውጥታለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በሙከራ ለሰናፍጭ ጋዝ የተጋለጡ ወታደሮቿ የአፍንጫና ጉሮሮ፣ የማንቁርት ወይም የሳንባ ካንሰር፣ እንዲሁም አንድ የቆዳ ካንሰር ዓይነት ከያዛቸው በሽታው ከአገልግሎት እንደመጣ ይቆጠራል።

በኢትዮጵያ ላይ ጋዙ የወረደው በ1928 ዓ.ም. ነው። ጣልያን የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የእ.ኤ.አ. 1925 የጄኔቫ ፕሮቶኮል ፈርማ አጽድቃ ነበር። ይህም ሆኖ ከታኅሣሥ 1928 ጀምሮ በተከዜ አካባቢና በሰሜን ግንባር ሁሉ የሰናፍጭ ጋዝ በቦምብና በርጭት ተጠቀመች። የቀይ መስቀሉ ሐኪም ማርሴል ዡኖ በቆረም የተቃጠሉ ሰዎችን አይቶ ምስክርነቱን ጽፏል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በመንግሥታት ማኅበር ፊት ባሰሙት ንግግር አውሮፕላኖች መርዙን እንደ ዝናብ በወታደሩ፣ በገበሬው፣ በከብቱና በውኃው ላይ እንዳወረዱት አስረድተዋል። ጋዙ በወረራው ዓመታት በአርበኞች ላይም ውሏል፤ በ1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ በዘረት ዋሻ የተጠለሉት አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው የዚህ ሰለባ ናቸው። የጣልያን የመከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ ጥቅም ላይ መዋሉን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

የካሳው ጉዳይ የተፈጸመው በመንግሥታት መካከል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ስምምነት ጣልያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተወሰነ። ከዚህ ካሳ የታወቀው ፍሬ በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ ነው። ግድቡ ለአገሪቱ መብራት ሰጥቷል። ስምምነቱ ግን ጋዝ የነካውን ሰው በስሙ የሚመዘግብ፣ ሳንባውን የሚያስመረምር ወይም ለእርሱ አበል የሚቆርጥ ሥርዓት አልነበረውም።

በኢትዮጵያ ዲፕሎማሲ ግን ጋዙና ጨረሩ ተገናኝተዋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 1961) የኑክሌር መሣሪያ መጠቀምን የሚያወግዘውን ውሳኔ ቁጥር 1653 ያሳለፈው በኢትዮጵያ አነሳሽነት ነው። ውሳኔው በ55 ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞና በ26 ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ። በመግቢያው ከጠቀሳቸው የቀድሞ ስምምነቶች አንዱ ጣልያን የጣሰችው የ1925ቱ የጄኔቫ ፕሮቶኮል ነው።

የኢትዮጵያ ሕግ

የጡረታ አዋጆች

በኢትዮጵያ ዘመናዊው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ የተጀመረው በ1953 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ ቁጥር 46 ሲሆን፣ ይኸው በ1955 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 209 ጸንቷል። ከዚያ በኋላ በተለያዩ ጊዜያት የወጡ አዋጆች ተክተውታል፤ ከእነርሱም አዋጅ ቁጥር 345/1995፣ አዋጅ ቁጥር 714/2003 እና አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ይገኙበታል። እነዚህ ሕጎች የሲቪል ሠራተኛውን፣ የመከላከያ ሠራዊት አባሉንና ፖሊሱን በአንድ ላይ ይሸፍናሉ።

አዋጆቹ «በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳት» የሚሉት ሁለት ነገርን ያካትታል፦ በሥራ ላይ የሚደርስ አደጋና በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ። ጉዳቱ መኖሩንና መጠኑን የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 714/2003 መሠረት ጉዳቱ ከሥራ ውጭ ያደረገው ሰው የአገልግሎት ዘመኑ ቢያጥርም እንኳ ከጉዳቱ በፊት በነበረው ወር ያገኝ የነበረው ደመወዝ 47 በመቶ በየወሩ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ይከፈለው ነበር። ጉዳቱ ከሥራ ያላስወጣው ሰው ደግሞ በመቶኛው ልክ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ያገኛል።

ይህ ስሌት በጥይት ወይም በፈንጂ ለሚደርስ ጉዳት ግልጽ ነው። ዘግይቶ ለሚመጣ ካንሰር ግን አስቸጋሪ ነው። ወታደሩ ከሠራዊቱ ከወጣ 20 ዓመት ሆኖት በእርሻ ላይ ሳለ ከታመመ «ከጉዳቱ በፊት የነበረው ወር» የትኛው ነው?

የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ

የሕግ ግምት በኢትዮጵያ ሕግ ውስጥ አለ። የሚገኘው በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ነው። በአዋጅ ቁጥር 377/1996 አንቀጽ 98 የተደነገገውና በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቀጠለው ድንጋጌ ሚኒስቴሩ በሥራ ምክንያት የሚመጡ በሽታዎችን ሠንጠረዥ እንዲያወጣ ያዛል። በሠንጠረዡ ከተመለከተው ሥራ የተሰማራ ሠራተኛ በትይዩ የተጻፈው በሽታ ከያዘው መታመሙ ብቻውን በሽታው ከሥራው ለመምጣቱ በቂ ማስረጃ ይሆናል። ከሠንጠረዡ ውጭ ያለ በሽታም ቢሆን በማስረጃ ሊረጋገጥ ይችላል። በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ የተሰማሩትን ብቻ ደጋግሞ የሚይዝ በሽታም ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ከሥራው እንደመጣ ይገመታል።

ይህ አንቀጽ አሜሪካ ለአቶሚክ ወታደሮቿ ካወጣችው ሕግ ጋር በአሠራር አንድ ነው። ሆኖም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የመከላከያ ሠራዊት አባላትን፣ ፖሊሶችንና የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን አይመለከትም፤ እነርሱ በየራሳቸው ሕግ ይተዳደራሉ። በዚህም ምክንያት በግል ድርጅት ከጨረር ምንጭ ጋር የሚሠራ ባለሙያ የሚጠቅሰውን አንቀጽ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ወታደር በቀጥታ ሊጠቅሰው አይችልም።

የጨረር መከላከያ አዋጆች

ጨረርን የሚመለከቱት የመጀመሪያው አዋጅ ቁጥር 79፣ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 571/2000 እና በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1025/2009 ናቸው። ዋና ዓላማቸው ጉዳትን አስቀድሞ መከላከል ነው፦ የጨረር ምንጭ የሚጠቀም ተቋም ፈቃድ ያወጣል፤ ሠራተኞቹም የጨረር መጠን መለኪያ ባጅ ያደርጋሉ። በዓለም አቀፍ ደረጃ አንድ ሠራተኛ በሥራው እንዲያገኝ የሚፈቀደው መጠን በ5 ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው።

የባጁ መዝገብ ለካሳም ትልቅ ትርጉም አለው። ከ30 ዓመት በኋላ አንድ የኤክስሬይ ባለሙያ ካንሰር ቢይዘው ምን ያህል ጨረር እንዳገኘ የሚመሰክርለት ያ መዝገብ ብቻ ሊሆን ይችላል። ባጁ በደረት ኪስ ላይ ካልዋለና ንባቡ በየጊዜው ካልተመዘገበ ሠራተኛው በኔቫዳ በረሃ እንደነበሩት ወታደሮች ያለ ማስረጃ ይቀራል።

በምዕራብ ጎጃም

የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ 387 ኪሎ ሜትር፣ ከባሕር ዳር 176 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ቡሬ በዚሁ አውራ ጎዳና ላይ ወደ ባሕር ዳር አቅጣጫ ይገኛል። የማስረጃ ጥያቄ በገጠር ምን እንደሚመስል ለማየት ይህ አካባቢ ጥሩ ምሳሌ ነው።

መጀመሪያ የአርበኞቹን ዘመን እንውሰድ። በጎጃም እንደ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህና በላይ ዘለቀ ባሉ መሪዎች ሥር የተዋጋው አርበኛ አብዛኛው ከመንደሩ ጠመንጃውን ይዞ የወጣ ገበሬ ነበር። በየካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ የጣልያን ጦር ቡሬን ለቆ በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሸሽ ከንጉሠ ነገሥቱና ከእንግሊዛዊው ዊንጌት ኃይል ጋር በመንገዱ ግራና ቀኝ የተከተሉት እንደነዚህ ያሉ ሰዎች ናቸው። የደመወዝ መዝገብ፣ የሻለቃ ቁጥር ወይም የሐኪም ካርድ አልነበራቸውም። የአንድ አርበኛ ማስረጃ አብሮት የዋለው ጓደኛውና የአገሩ ሽማግሌ ነበር። እንዲህ ያለው ማስረጃ ከምስክሮቹ ጋር ያረጃል፤ ከ30 ዓመት በኋላ ለሚመጣ በሽታ አይደርስም።

በኋላ ዘመን የተመለሰው ወታደር ማኅደር ያለው ነው። በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ወደየመጡበት ገጠር ተመልሰዋል። እንዲህ ያለ ሰው በጃቢ ጠህናን ወይም በወምበርማ እያረሰ ሳለ ቢታመም የሚያልፍበት መንገድ ረዥም ነው። ከጤና ጣቢያ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ይላካል። የጨረር ሕክምና ካስፈለገው ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው ማዕከል የነበረው የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ካንሰሩ የሚታወቀው ዘግይቶ ከሆነ የሕክምና ቦርድ ጥያቄ ከመቅረቡ በፊት ታማሚው ሊሞት ይችላል። በዚህ ጊዜ ጥያቄው የሚያልፈው ወደ ባለቤቱና ወደ ልጆቹ ነው፤ እነርሱ ደግሞ አባታቸው የት እንዳገለገለ ከእርሱ ያነሰ ያውቃሉ።

አብዛኛው የገጠር ነዋሪ ዛሬ ለሕክምና የሚተማመነው በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ነው። ይህ መድኅን በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር ከሙከራ ወረዳዎቹ አንዱ በጎጃም የሚገኘው ደቡብ አቸፈር ነበር። መድኅኑ የበሽታውን ምንጭ ስለማይጠይቅ ለታማሚው ቀላል ነው። በሌላ በኩል የሕክምናን ወጪ እንጂ የጠፋ ጉልበትን አይተካም፤ ለቤተሰብም አበል አይቆርጥም።

አሁን ባለው ሕግ አንድ ወታደር ወይም ቤተሰቡ ሊያዘጋጃቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ። የአገልግሎትና የስንብት ደብዳቤ፣ የተመደበባቸው ክፍሎችና ቦታዎች ከነዓመታቸው፣ በአገልግሎት ላይ የታከመባቸው ካርዶች፣ ከጨረር ወይም ከኬሚካል ጋር ሠርቶ ከሆነ የባጅ ንባብና የሥራ መደብ ደብዳቤ በአንድ ላይ ቢቀመጡ ይጠቅማሉ። ለሐኪም የቀድሞ ሥራን መንገርና በሕክምና ማስረጃው ላይ እንዲጻፍ መጠየቅም የዚሁ አካል ነው።

የክርክር ነጥቦች

የሕግ ግምትን የሚተቹ ወገኖች በጨረር ያልታመመ ሰውም ካሳ ያገኛል ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ካንሰር የተለመደ በሽታ በመሆኑ በሙከራ ቦታ ከነበሩት ብዙዎቹ ያለ ጨረሩም ሊታመሙ ይችሉ ነበር። በብሪታኒያ በመንግሥት የተደረጉ ጥናቶችም በሙከራ ተሳታፊዎች ላይ ያለው አጠቃላይ የካንሰር መጠን ከሌሎች ወታደሮች ጎልቶ እንደማይለይ አመልክተዋል።

ደጋፊዎቹ የሚመልሱት ስህተቱ በሁለቱም አቅጣጫ እንዳለ ነው። ግምቱ ከሌለ በጨረር የታመመውም ያለ ካሳ ይቀራል፤ ማን እንደሆነ መለየት ስለማይቻልም ሁሉም በአንድነት ይከለከላሉ። ወታደሩ ወደ ቦታው የሄደው ታዞ ነው፤ መጠኑን የመለካትና መዝገቡን የመጠበቅ ኃላፊነትም የአዛዡ ነበር። ስለዚህ መዝገብ ሲጠፋ ወይም ሳይያዝ ሲቀር ጉዳቱ በታዛዡ ላይ መውደቅ የለበትም የሚለው የክርክራቸው መሠረት ነው።

ሌላው ነጥብ ጊዜ ነው። አሜሪካ ከመጀመሪያው ሙከራ እስከ 1988ቱ ሕግ 43 ዓመት፣ ፈረንሳይ ከሰሐራ ሙከራ እስከ ሞረን ሕግ 50 ዓመት ወስዶባቸዋል። በእነዚህ ዓመታት ብዙ ባለመብቶች ሞተዋል። በ1928 ዓ.ም. የመርዝ ጋዝ የተነፈሱት ኢትዮጵያውያን ደግሞ በሽታቸውን ከጋዙ ጋር የሚያያይዝ ሕግ ሳይወጣላቸው አልፈዋል።